«ተረት ነው» ብለን የመለስነው ጽሑፍ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ሐሙስ ማታ፣ ለዚህች መጽሔት የመጡትን ጽሑፎች ለመምረጥ ተሰብስበን ነበር። እኛ ማለት የሥነ ጽሑፍ ክበቡ መራጮች ነን፤ ሰባት ሰዎች፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። ለቀጣዩ እትም ጥቂት ገጾችን ለሳይንስ ልብ ወለድ እንሰጣለን ብለን ማስታወቂያ ለጥፈን ስለነበር አምስት ጽሑፎች ደረሱን። ሦስቱ ስለ መንኮራኩር ናቸው፤ አራተኛው ስለ ሮቦት ነው። አምስተኛው ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘነው። የጻፈችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስላላስፈቀድናት ስሟን አንጠራም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአንዲት እናት ልጅ ለሰው ቤት ሥራ ቤሩት ሄዳለች። ድምፅዋ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኗል። እናትዮዋ ስኒ ታነባለች። አንድ ቀን በተደፋው ስኒ ውስጥ ሰሃን የሚያጥብ እጅ ይታያታል፤ የልጄ እጅ ነው ብላ ታለቅሳለች፤ ኋላ ግን የሌላ ሰው ልጅ እጅ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ እናትዮዋ መማር ትጀምራለች። ቡናው ምን ያህል መቆላት እንዳለበት፣ አተላው ስንት ጊዜ መርጋት እንዳለበት፣ ምስሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠራ ትለያለች። መጻፍ ስለማትችል ያየችውን ሁሉ በክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠረች ትመዘግባለች። በመጨረሻ ልጇን ታገኛታለች። ይኼኔ ሰፈሩ ሁሉ ስኒውን ይዞ ደጇ ይሰለፋል። ደላላውም ይመጣል፤ ከአሠሪዎቻቸው ቤት የጠፉ ሴቶችን የምትፈልግለት ከሆነ በወር እንደሚከፍላት ይነግራታል። እናትዮዋ በዚያ ሌሊት ስኒውን ስታይ፣ ልጅቱ አንድ የማታውቀው ዓይን የሚከተላት ይመስል ፊቷን በነጠላ ስትሸፍን ታያታለች። ስኒውን አጥባ ሰቀለችው። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ድምፅ ሰጠን፤ አምስት ለሁለት ወደቀ። ምክንያታችን አንድ ቃል ነበር፦ ተረት ነው። ጸሐፊያችን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ተረት» ብሎ ጻፈበትና መለስንላት። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች፤ «እሺ» ብቻ አለች፤ ከዚያ ወዲህ በክበቡ አልታየችም። ድምፃቸውን ከነፈጉን ከሁለቱ አንዱ ታዲያ በር ላይ ስንለያይ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ለመሆኑ እናትዮዋ በስኒው ፈንታ የስልክ መስታወት ብትመለከት ኖሮ ትቀበሉት ነበር?» ማንም አልመለሰለትም። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ያልሰጠነው መልስ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ምን አስጨነቃችሁ፤ የመደርደሪያ ጉዳይ አይደለም እንዴ?» ሊል ይችላል። እኛም እንዲያ ብለን ልናልፈው ሞክረን ነበር። ነገር ግን ባላገሩ በእርሻው ዳር የወሰን ድንጋይ ይተክላል፤ ድንጋዩን በሌሊት ወደ ጎረቤቱ ማሳ የሚያንፏቅቀውን ሰው «ድንበር ገፊ» ይለዋል፤ ከሌባም አይለየውም። የጽሑፍ ዘውግም ወሰን አለው። ወሰኑን ማን ተከለው? መቼ? ከማንስ ማሳ ቆርሶ? ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የፍርድ ጥያቄ ነው።

ከስሙ እንጀምር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሬዲዮ ዕቃ ነጋዴ ሁጎ ገርንስባክ በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት ሲያቋቁም፣ የሚፈልገው ታሪክ የሳይንስ ዕውቀትና የመጪው ጊዜ ትንበያ የተዋሐዱበት መሆኑን አስታወቀ። ለአብነትም ዡል ቬርንን፣ ኤች. ጂ. ዌልስንና ኤድጋር አለን ፖን ጠራ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፖ የሞተው በ1849 ነው። ገርንስባክ ያወጣውን ስም በሕይወቱ አልሰማውም። በ1973 ደግሞ እንግሊዛዊው ብራየን ኦልዲስ የዘውጉን ታሪክ ሲጽፍ፣ መነሻው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው ብሎ ወደ 1818 ወሰደው። ይህም ማለት ስሙ ወደ ኋላ እየሄደ ሙታንን ቤተሰብ ሲያደርግ ኖሯል። ወደ ኋላ ሄዶ ስም መስጠት ለለንደንና ለባልቲሞር ሰው ከተፈቀደ፣ ለካልካታና ለአቤኦኩታ ሰው የሚከለከልበት ምክንያት መነገር አለበት።

ሌሎች ደግሞ ትርጓሜውን ቀለል አድርገውታል። አሜሪካዊው ሐያሲና ደራሲ ዴመን ናይት፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ማለት ጣታችንን ቀስረን ስሙን የምንጠራለት ነገር ነው የሚል ሐሳብ ሰጥቷል። ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እውነት አለበት። ጣት ካለ ባለ ጣት አለ። በዚያ ሐሙስ ማታ ጣቱ የኛ ነበር።

አምስታችን የተደገፍነው ግን ከዚህ ጠንከር ባለው በዳርኮ ሱቪን ትርጓሜ ነው። በዛግሬብ ተወልዶ በሞንትሪያል ያስተማረው ይህ ምሁር በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ የለመድነውን ዓለም እንግዳ አድርጎ የሚያሳይ፣ እንግዳነቱ ግን በዕውቀት ሥርዓት የሚመራ ጽሑፍ ነው ይላል። በታሪኩ ውስጥ የሚገባውን አዲስ ነገር «ኖቩም» ይለዋል፤ የቀረው ዓለም ሁሉ ከሱ ተነሥቶ መለወጥ አለበት። ተረትን ግን ከደጅ ያስቀምጠዋል፤ የሚበርረው ምንጣፍ የምድርን ስበት ዘሎ ያልፈዋል እንጂ ለስበት ሕግ መልስ አይሰጥም ባይ ነው። ይህ ትርጓሜ ጥሩ ትርጓሜ ነው፤ ዛሬም አንጥለውም። ግን «ዕውቀት» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። የማን ዕውቀት?

የሳይንስ ልብ ወለድ ያደገበት ዘመን አውሮጳ አፍሪካን በጠረጴዛ ላይ የተካፈለበት ዘመን ነው፤ የበርሊን ጉባኤ የተካሄደው በ1884 እና በ1885 መካከል ነበር። ዡል ቬርን በ1863 ባወጣው የመጀመሪያ ዝነኛ ልብ ወለዱ እንግሊዛውያንን በፊኛ አሳፍሮ ከዛንዚባር እስከ ሴኔጋል በአፍሪካ ላይ አሻገራቸው። ዕውቀቱ ከላይ ነው፤ ከታች ያለው ሰው አንጋጦ የሚያይ ነው። ጆን ሪደር የተባለው ሐያሲ በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ የዘውጉ አነሣሥ ከቅኝ ግዛት ጋር እንዴት እንደተጋመደ በሰፊው አሳይቷል፤ ባለ መሣሪያውና መሣሪያ የለሹ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር የብዙዎቹ ታሪኮች አጥንት ነው።

ዌልስ ግን ይህን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። «የዓለማት ጦርነት» በመጽሔት መውጣት የጀመረው በ1897፣ በመጽሐፍ የታተመው በ1898 ነው፤ ከአድዋ ድል በኋላ መሆኑ ነው። ደራሲው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ማርሳውያንን ከመኮነናችን በፊት አውሮጳውያን በታዝማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት እንድናስታውስ ይጠይቃል። ለለንደን አንባቢ «እኛ ላይ ቢደርስስ?» ማለቱ ነበር። ማርሳውያኑ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ የሚመርዝ ጥቁር ጢስ ነው። ይህ በተጻፈ ከአርባ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ፣ በ1935 እና በ1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች በአገራችን ላይ የመርዝ ጋዝ ረጩ። ለዌልስ አንባቢ ቅዠት የነበረው ነገር ለአያቶቻችን የቆዳ ጠባሳ ሆነ። እንግዲህ በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ «ወደ ፊት» የሚባለው ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይመጣም፤ ለአንዱ ገና ሲሆን ለሌላው አልፏል።

እሺ፤ ታዲያ ከታች የነበረው ሰው ብዕር ሲይዝ ምን ጻፈ? በአድዋው ዓመት በ1896 ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በቤንጋሊ ቋንቋ አንድ አጭር ታሪክ አሳተመ። ቦስ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ የሬዲዮ ሞገድ ምርምር ፈር ቀዳጆች ከሚባሉት አንዱ ነው። ማሽን ቢያስፈልገው ከማንም አያንስም። እሱ ግን ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘው በምን መሰላችሁ? ባሕር ላይ በተወረወረ አንድ ጠርሙስ የጸጉር ዘይት! በ1905 ደግሞ የቤንጋሏ ሮኬያ ሳካዋት ሁሴን «የሱልጣና ሕልም» በተባለው ታሪኳ ሴቶች የፀሐይን ሙቀት ሰብስበው የሚያበስሉበት፣ በዚያው ሙቀት ጠላት የሚመልሱበት፣ ወንዶች ከጓዳ የማይወጡበት አገር አሳየችን። ታሪኩ የሚጀምረው በሕልም ነው፤ በጠባብ መለኪያ «ሕልም ነው» ተብሎ ሊወድቅ ይችል ነበር። በ1902 እና በ1903 ጥቁር አሜሪካዊቷ ፖሊን ሆፕኪንስ በተከታታይ ባሳተመችው ልብ ወለድ አንድ የሕክምና ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ዘልቆ፣ የጥንት ጥበቧን ጠብቃ የኖረች ስውር ከተማ ያገኛል። ቬርን አፍሪካን ከላይ ባየበት ዘመን ማግሥት፣ ሆፕኪንስ ዕውቀቱን ከምድሪቱ ውስጥ አወጣችው።

ለኛ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ ነው። የአቤኦኩታ ተወላጅ ነው፤ ትምህርቱን የገፋው ስድስት ዓመት ገደማ ነው። በ1954 በታተመው «ሕይወቴ በመናፍስት ጫካ» ውስጥ፣ ጫካ የጠፋው ልጅ መዳፎቿ ቴሌቪዥን የሆኑ አንዲት መንፈስ ያገኛል፤ በመዳፏ ውስጥ እናቱንና ወንድሙን ቤታቸው ሆነው ያያቸዋል። በናይጄሪያ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኢባዳን ላይ ሥራ የጀመረው በ1959 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንግዲህ ፍረዱ፦ ገና ያልመጣን መሣሪያ በታሪክ ውስጥ ያስገባ ሰው የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው ወይስ ተረት ነጋሪ? አውሮጳዊ ቢሆን ኖሮ «ተንባይ» ይባል ነበር፤ ዮሩባ ስለሆነ «የተረት ሰው» ተባለ። እኛም ስኒ ውስጥ ልጇን ያየችውን እናት፣ ያንኑ ፍርድ፣ በዚያው አንድ ቃል ፈረድንባት።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ወደ ውጭ ብንወረውረው ልክ አይሆንም። በኛ ቋንቋ «ጥበብ» ማለት ኪነትም ነው፤ ዕውቀትም ነው፤ የእጅ ሥራም ነው። ይህ ሰፊ ቃል ነው፤ በርካታ ቋንቋዎች አንድ ላይ ያልያዙትን ይዟል። ነገር ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ጀበናና ምጣድ የምትሠራዋን፣ ከዚያው ግንድ በወጣ ቃል «ጠይብ» ብለን፣ ጥበቡን ዓይነ ጥላ አድርገን፣ «ቡዳ» ብለን ያራቅናቸው እኛው ነን። የሸክላውን አፈር የምትለየው፣ እሳቱን በዓይኗ የምትመጥነው ሴት ኬሚስት አልተባለችም። የውጭ ሰው ሳይነግረን ዕውቀትን ከአስማት ማኅደር የከተትን እኛ ነን። እንግዲህ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ስኒና ጀበና ይዞ ሲመጣ «ተረት ነው» ማለታችን፣ ከሱቪን ብቻ የተማርነው አይመስለንም፤ ከቤትም ይዘነው የመጣን ነገር አለበት።

ይህን ስንል ግን አንዳንድ ወዳጆቻችን ወደ ሌላው ጫፍ ሮጡ። «በቃ፣ ሁሉም የሳይንስ ልብ ወለድ ነው! ክብረ ነገሥት ውስጥ እንኳ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ በነፋስ ላይ የሚሄድ መርከብ ሰጥቷት የለም?» አሉ። እውነት ነው፤ መጽሐፉ በባሕር የሚሄድና በአየር የሚሄድ ዕቃ በጥበቡ ሠርቶ እንደሰጣት ይተርካል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ መጽሐፉ ያን ዕቃ የሚያነሣው የንጉሡን ክብር ለማሳየት ነው፤ ዕቃው ስላለ አገሩ፣ ገበያው፣ ጦርነቱ እንዴት ተለወጠ ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅም ሥራው አይደለም። ሁለተኛ፣ ለሚያምንበት ሰው ቅዱስ ታሪክ የሆነን መጽሐፍ ወስደን ዛሬ የሚወደድ ስም ብንለጥፍበት፣ እኛም ድንበር ገፊ ሆንን ማለት ነው። «እኛም ነበረን» ለማለት መቸኮል የሌላውን ሚዛን ትክክል ነው ብሎ መቀበል ነው። ተረትም ቢሆን ተረት በመሆኑ ክብር አለው፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ተብሎ እስኪሾም አይጠብቅም።

እንግዲህ መዝጋትም ጥፋት ነው፤ ጠቅልሎ መውሰድም ጥፋት ነው። መለኪያችን ምን ይሁን? እኛ በብዙ ክርክር የደረስንበት ይህ ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ስማችን፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ጀምሮ አብሮን ያለ ቃል ነው፤ ከልብ የተወለደ ማለት ነው። የወለደ ደግሞ ያሳድጋል። የሳይንስ ልብ ወለድ «ይህ ነገር ቢኖርስ?» ብሎ አንድ ነገር ይወልዳል፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ያ ነገር ዋጋ ያስከፍላል፤ ይሳሳታል፤ ይታረማል፤ የሚጠቀምበትና የሚጎዳበት ሰው ይኖራል፤ ታሪኩም ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይተሳሰባል። ነገሩ ከብረት ይሁን ከሸክላ አይገደንም። የሚገደን፣ በታሪኩ ውስጥ እንደ ዕውቀት መያዙ ነው፦ የሚማሩት፣ የሚፈትኑት፣ ለሌላ የሚያስተላልፉት። ተረት ግን ለዚህ ሒሳብ አይጠራም፤ ጅቡ ለምን ተናገረ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የለም፤ ልጆች የሚጠይቁት ቀጥሎ ምን ሆነ ብለው ነው።

በዚህ ሚዛን የተመለሰውን ጽሑፍ እንመዝነው። እናትዮዋ ተሳስታለች፤ ስሕተቷን አርማለች፤ በክር መዝግባለች። ስኒው ሰፈሩን ለውጧል፤ ደላላውን ስቧል፤ ሰውን ሳያውቅ ማየት ተገቢ ነው ወይ የሚል ጥያቄ አስነሥቷል። ከሦስቱ የመንኮራኩር ታሪኮች በአንዱ ውስጥ ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ መንኮራኩሩ ቢወጣና በፈረስ ቢተካ ምንም የሚጎድል ነገር አልነበረም። እሱን አሳተምነው።

አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወዳጃችን ይህን ረቂቅ አንብቦ ተቆጣ። «ስኒ ማንበብን ሳይንስ ልታደርጉት ነው? ሰው ክትባት ትቶ ጠንቋይ ቤት በሚሄድበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም» አለን። ቁጣው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ጥያቄ መለስንለት፦ የዌልስ የጊዜ መኪና በ1895 ሲሠራ በየትኛው ፊዚክስ ነበር? ከብርሃን የሚፈጥነው መንኮራኩርስ? እስከምናውቀው ድረስ እነዚህም የማይቻሉ ናቸው። ያለፉት የብረት ልብስ ስለለበሱ ነው። እውነተኛው ቦስ እንኳ ዘይት ብቻ ነው የያዘው። ወዳጃችን ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ግን ደራሲው ስኒውን ከታሪኩ ውጭ ገበያ አያውጣው» አለ። በዚህ ተስማማን። ማንም የጊዜ መኪና የሸጠልን የለም፤ ስኒውም በታሪኩ ውስጥ ይቆይ።

ሌሎችም ይህን መንገድ ሄደውበታል። በ2004 ናሎ ሆፕኪንሰንና ኡፒንደር መሃን ከቅኝ ግዛት በኋላ የተወለደውን የሳይንስ ልብ ወለድ በአንድ መድበል ሰብስበዋል። ኔዲ ኦኮራፎር ደግሞ በ2019 ሥራዎቿ በሌሎች ባወጡት ስም መጠራታቸው አልበቃት ቢል፣ መነሻውና ማዕከሉ አፍሪካ የሆነ ጽሑፍ ነው የምጽፈው ብላ የራሷን ስም አውጥታለች። በተቃራኒው ኦክታቪያ በትለር፣ በ1979 የታተመውንና አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ባርነት ዘመን ተስባ የምትመለስበትን «ኪንድረድ» ብዙዎች የሳይንስ ልብ ወለድ ሲሉት፣ ሳይንስ የለበትም ብላ ስሙን አልተቀበለችም። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፦ በወሰኑ ጉዳይ ባለ ማሳውም ይጠየቃል። እኛ ልጅቷን አልጠየቅናትም። ኅዳጓ ላይ ጽፈን መለስንላት።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለታችን ወደ መኝታ ክፍሏ ሄድን። ይቅርታ ጠይቀን፣ ጽሑፉን በሳይንስ ልብ ወለድ ገጽ ላይ ልናትመው እንደምንፈልግ ነገርናት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ደብተሯን ከፍታ ወረቀቱን አወጣችው፤ የኛ እርሳስ አሁንም ኅዳጉ ላይ አለ። «እናንተ ተረት ያላችሁት አላስከፋኝም» አለች፤ «ያስከፋኝ ተረት ነው ብላችሁ ማንበብ ማቆማችሁ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ያነበበው ስንቱ ነው?» ከሁለታችን አንዱ አላነበበም ነበር። ወረቀቱን አልሰጠችንም፤ መጀመሪያ እፊቷ ተቀምጠን እስከ መጨረሻው እንድናነበው ጠየቀችን። አነበብን። እትሙ እስኪዘጋ ድረስ አሥር ቀን አለ፤ ውሳኔው የሷ ነው።